«ፍሬን በጠሰ» እንላለን፤ የሚበጠስ ነገር ግን የለም

ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ አልቆም ብሎ ገደል ሲገባ ወሬው ሁሌም አንድ ነው፦ «ፍሬን በጥሶ»። አነጋገሩ የብስክሌት ሽቦን ያስታውሳል። የጭነት መኪና ፍሬን ግን የሚሠራው በአየር ነው፤ ቁልቁለት ላይ ከዳ የተባለው ሲፈታም ብዙውን ጊዜ የተበጠሰ ነገር አይገኝበትም። ሸራው (እየተፋተገ የሚይዘው ሽፋን) አለ፣ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ከበሮ) አለ፣ ቱቦው አለ። የከዳው በሙቀት ነው።

ዓባይ በረሃን እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው በ1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ማለት ነው። ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ጎጃም የሚወርድ፣ ከነተሳቢው 40 ቶን የሚመዝን መኪና እዚህ ላይ የሚያራግፈው ኃይል 550 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ስምንት በርሜል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ የሚወስዱት ትንሹን ነው። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይቀበለዋል፣ ወይ ፍሬኑ። ሦስተኛ ተቀባይ የለም፣ ገደሉን ካልቆጠርን።

ፍሬን ሲረገጥ ከአየር ታንኩ የወጣው አየር በየጎማው አጠገብ ያለው ቻምበር ውስጥ ገብቶ ላስቲኩን ይገፋል፤ ላስቲኩ ዘንጉን ይገፋል፤ ዘንጉ ስላክ አጀስተር የሚባለውን ክንድ ያዞራል፤ ክንዱም ጫፉ እንደ እንግሊዝኛው ኤስ የተጠማዘዘውን ካም ያዞርና ሸራዎቹን ከፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃቸዋል። በብዛት የሚታየው 30 ቁጥር ቻምበር ዘንጉን መግፋት የሚችለው ቢበዛ 64 ሚሊ ሜትር ነው። ሲለካ ከ51 ካለፈ ፍሬኑ መጥበቅ አለበት።

ሚስጥሩ ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል። ዲያሜትሩ 410 ሚሊ ሜትር የሆነ ታምቡር ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይለጠጣል። ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ክንዱ ረጅም፣ ካሙ አጭር ስለሆነ ሸራው የሸሸውን ታምቡር ለመድረስ ዘንጉ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ተጨማሪ መሄድ ይኖርበታል። ጠዋት ጎሐ ጽዮን ላይ በቀዝቃዛው 52 የነበረው የዘንጉ ጉዞ፣ ቁልቁለቱ መሃል 62 ይሆናል። ቻምበሩ ጨረሰ ማለት ነው። የአየር ጌጁ 8 ባር እያሳየ፣ እግር ወለል ድረስ እየተጫነ፣ ታምቡሩ ላይ የሚደርስ ግፊት የለም። ሸራውም ራሱ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፤ ያ የሚከረፋ የተቃጠለ ሽታ የሚመጣው ያኔ ነው። መኪናው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ተሞክሮ «ፍሬኑ ደህና ነው» መባሉም ለዚህ ብዙ አያጽናናም፤ ግቢ ውስጥ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው።

«አየር ቢያልቅ እንኳ እስፕሪንጉ (አየር ሲወጣ ፍሬኑን የሚይዘው የእጅ ፍሬን ሞላ) ይይዛል» የሚሉ አሉ። እስፕሪንጉ የሚይዘው ግን በዚያው ሸራና በዚያው ታምቡር ነው። የቆመ መኪና ለመያዝ የተሠራ ነው፤ የጋለ ታምቡር ላይ 40 ቶን ከመሮጥ እንዲያስቆም መጠበቅ ከንቱ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሞተሩ መሆን አለበት። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ ፍጥነት ከተያዘ በኋላ ከባድ ማርሽ አልገባ ብሎ ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ሊቀር ይችላል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሕግ ለድሮ መኪና ነበር፤ ለአዲሶቹ አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት ይሻላል። የሞተር ፍሬን የሚበረታው ዙሩ ከፍ ሲል ነው፤ ከቀዩ መስመር በታች እስከሆነ ድረስ የሞተሩ ጩኸት ሊያስፈራ አይገባም።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት በፎሌ መውረድ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከስንፍናም በላይ የሒሳብ ስህተት ነው። ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከነዳጅ ተነሥቶ ሲወረድ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ፓምፑ ነዳጅ አይረጭም። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይበላል። ዙሩ ስለሚወርድ ኮምፕሬሰሩም ይደክማል፤ ጎሐ ጽዮን ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ታንኩን መሙላት እንዲያውም ጊዜ ይወስዳል።

እግር ፍሬን የሚረገጠው በቁጥር ነው። መውረጃ ፍጥነቱ 30 ከሆነ፣ 30 ሲደርስ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ወደ 22 ማውረድ፣ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ እንደገና 30 ሲደርስ መድገም። ቶሎ ቶሎ መርገጥ አየር ይጨርሳል፤ እግርን አሳርፎ መውረድ ደግሞ፣ በተለይ አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ የሚይዝ ከሆነ፣ እሱን ብቻ ያቃጥላል።

ከመውረድ በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ታንኩ ይሞላል፣ ጎማው በታኮ ይያዛል፣ ሞተር ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይለቀቃል። ረዳቱ ዘንጉ ከቻምበሩ በሚወጣበት ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ ሾፌሩ ይረግጣል፤ ምልክቱ የሄደው በሜትር ይለካል። እግር ሳይነሣ ለአንድ ደቂቃ ጌጁን ማየት ነው፤ ከነተሳቢው ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። ስላክ አጀስተሩ በእጅ የሚጠብቀው ዓይነት ከሆነ ቡሎኑ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ይዞርና ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ይመለሳል። ራሱን የሚያጠብቀውን ዓይነት በየጊዜው በመፍቻ ማጥበቅ በሽታውን መደበቅ ነው፤ ቡሺንግ አልቋል ወይ ካሙ ተበልቷል። የታንኩን ውሃ በየጠዋቱ ማፍሰስ መቼም የታወቀ ነው፤ የሚረሳው የተሳቢው ታንክ ነው።

መሃል ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ ካስፈለገ በጄሪካን ውሃ የጋለ ታምቡር ላይ መድፋት ክልክል ነው፤ ይሰነጠቃል። ሜዳ ቦታ ፈልጎ በማርሽና በታኮ መያዝ እንጂ የእጅ ፍሬንም አይሳብ፤ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ሸራው ላይ ይጨብጣል። ከዚያ መዳፍን ሳያስነኩ ከጎማ ጎማ ማስጠጋት ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው በጣም የጋለውን ነው፤ መፈራት ያለበት ግን ቀዝቃዛው ነው። እሱ አልሠራም፤ የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ተሸክመውለት ነው የጋሉት። ይህን ጎማ ይዞ ከድልድዩ ወደ ደጀን መውጣት ይቻል ይሆናል፤ መልስ ከመወረዱ በፊት ግን እዚያው ደጀን ላይ ተፈትቶ መታየት አለበት።