ዛሬ ሐይቅ ዋልን

ከደሴ በጠዋት ወጥተን ሐይቅ ከተማ አቅራቢያ አንድ ጤና ጣቢያ ዋልን። ሁለት ነርሶች፣ አንድ ፋርማሲስት፣ ሾፌራችንና እኔ። ሥራችን መርፌ ነው። መውጋት አይደለም፤ መርፌው በሽታ እንዳያጋባ ማሠልጠን ነው።

ገና ሳንጀምር አንዲት እናት በር ላይ ያዙን። «ልጄ፣ ክኒን ምን ያደርግልኛል? አንዴ ወግታችሁ ሸኙኝ!» ነርሷ እጃቸውን ይዛ «አብሽሩ እማማ፣ ክኒኑም ያው መድኃኒት ነው» አለቻቸው። አላመኗትም። እኔም ያደግኩት «መርፌ ያልወጋ ሐኪም ምኑን ሐኪም ሆነ» ሲባል እየሰማሁ ነው።

ሥልጠናው ያው ነው። አንድ መርፌ፣ አንድ ስሪንጅ፣ ለአንድ ሰው፣ አንዴ ብቻ። ከወጉ በኋላ ክዳኑን አለመመለስ። ሴፍቲ ቦክሱን፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ሣጥን፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዝጋት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ ጥንቃቄ በጎደለው መርፌ እስከ 1.7 ሚሊዮን ሰው በሄፓታይተስ ቢ (የጉበት በሽታ) ተይዟል። ቁጥሩ ሲነገር ክፍሉ ጸጥ አለ።

ቀኑን የቀየረችው ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከኋላ ቆማ ስትሰማ ቆየችና ጣቷን አሳየችን። ቆሻሻ ስትሰበስብ ሁለት ጊዜ ተወግታለች። «ሥልጠና ሲመጣ እኔን ማን ጠርቶኝ ያውቃል?» አለች። እኛም አልጠራናትም ነበር። አፈርኩ። ፋርማሲስቱ ወንበሩን ለቀቀላት። ከሰዓቱን ከእሷ ጥያቄ ጀመርን፤ መርፌ ሲወጋኝ ምን ላድርግ? በውኃና ሳሙና መታጠብ፣ ወዲያው ማሳወቅ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ከተወጉ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ነገ ኩታበር ነን። ለሥልጠናው የሚጠሩትን ሰዎች ዝርዝር አሁን እያስተካከልኩ ነው።