ሐረርን በሆድ ሰዓት

እቅዴ ሦስት ሙዚየም በአንድ ከሰዓት ጨርሶ ማታ ሐረር ቢራ መጠጣት ነበር። ከድሬዳዋ በሚኒባስ ደንገጎን ወጥቼ ሸዋ በር ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ቀኑ ዓርብ ነው! ሰው ሁሉ ለጁምዓ ይሄዳል፣ እኔ በሕዝቡ መሃል እየተጋፋሁ የተዘጋ በር አንኳኳለሁ። አንድ ሊስትሮ አይቶኝ ሳቀ። "አሁን ሶላት፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ጫት። ምን አስቸኮለህ አቦ?"

በዚያው ቀን ሌላ ስህተት ጨመርኩ። ያዞረኝን ልጅ ዋጋ ሳልጠይቀው "እንግባባለን" ብዬው ነበር። አልተግባባንም። ፈረስ መጋላ ላይ ተጨቃጭቀን፣ ተኮራርፈን ተለያየን። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዋጋ መጀመሪያ ይቆረጣል።

ቅዳሜ እቅዱን ትቼ ከተማው በሚበላበት ሰዓት ለመሄድ ወሰንኩ። ጠዋት ፈጢራ፤ ስስ ሊጥ ከእንቁላል ጋር ተጠብሶ ማር የሚፈስበት። ከጎኑ ቁጢ፣ ማለትም በወተት የፈላ የቡና ቅጠል። እኛ አዲስ አበቦች ፍሬውን ብቻ ነው የምናውቀው። ቁጢውን የቀዱልኝ ሴት እናቴን ያህላሉ፤ "አንተ፣ ጨው ጨምርበት" አሉኝ። "እሺ እማማ፣ እርስዎ እንዳሉ" ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። ሐረር ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም። አፌ ግን እስክመለስ ድረስ "አንቺ" ማለት እምቢ አለኝ።

ጠግቤ ሸሪፍ ሙዚየም ገባሁ። ያለው ተፈሪ መኮንን ከመነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳለፉበት በሚባለው ቤት ነው። አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ጎራዴዎች፣ ጌጣጌጦች አሉ። እኔን ያቆመኝ ሳንቲሙ ነው። ሐረር በአሚሮቹ ዘመን የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር!

ራምቦ ቤት የሚባለው ደግሞ አንድ የሕንድ ነጋዴ የሠራው የእንጨት ፎቅ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ለቡና ንግድ ነው፤ እዚህ ቤት ኖሯል ብላችሁ ግን አትማሉ። ለእኔ ዋጋ ያለው የድሮው ፎቶ ነው። ፎቶውን አይታችሁ ወዲያው በመስኮት ጀጎልን ተመልከቱ።

ከዚያ "መኪና ግርግር" በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወርጄ (ስሙ ራሱ የስፌት መኪናው ድምፅ ነው) የሐረሪ ባህላዊ ቤት ገባሁ። ደክሞኝ ስለነበር ያገኘሁት ነደባ፣ ማለትም መቀመጫ መደብ ላይ ዘፍ አልኩ። አስጎብኚዋ "ኧረ ተነስ፣ እሱ አሚር ነደባ ነው!" አለችኝ። የአባወራው መቀመጫ ነው ለካ። ጊድር ነደባ ለአዋቂዎች ነው፣ ጢት ነደባ ደግሞ ለልጆች። እኔ ጢት ላይ ተመደብኩ። መደቡና ወለሉ ቀይ የሆነው በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ግድግዳው ሙሉ ስፌትና ሳህን ነው። ሳልነሳ ብዙ ቆየሁ።

ምሳ አንድ የሐረሪ ቤተሰብ በሚያስተዳድረው ማረፊያ ሑልበት መረቅ በላሁ። በስጋ መረቅ ላይ የተመታ አብሽ ይደረግበታል፣ በዳቦ እየተጠቀሰ ይበላል። ጠዋት ባላዝ ኖሮ አላገኘውም ነበር፤ የቤት ምግብ ስለሆነ በየምግብ ቤቱ አይጠብቃችሁም። መራራ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ሳህኑን ጠርጌ ነው የመለስኩት።

ከሰዓት ከተማው ጫቱ ላይ ነው። እኔም ተኛሁ። ማታ ሳምቡሳ ይዤ ፈረስ መጋላ ስቀመጥ የትናንቱ ልጅ መጣ። ዝም ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሳምቡሳ ሰጠሁት፣ በላ።

"ነገ ኤረር በር ልውሰድህ?" አለኝ።

"ስንት?" አልኩት።