ደም መመለስ፣ ውለታ መመለስ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስድስት ኪሎ፣ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ለመመረቂያ ጽሑፌ ሁለተኛ ምዕራፍ ማስታወሻ ስይዝ፣ በያዝኩት መጽሐፍ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት አጭር መስመር አገኘሁ። መጽሐፉ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውና ብዙዎቻችን «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ኋላ እንደገና የታተመ ቅጂ ነው። መስመሯ «የእኛስ ደም?» ትላለች። ማን እንደጻፋት፣ መቼ እንደጻፋት የሚያመለክት ነገር የለም። እርሳሱ ደብዝዟል፤ የጥያቄ ምልክቱ ግን ወረቀቱን ሊቀድ እስኪደርስ ተጭኖ የተጻፈ በመሆኑ፣ ገጹን ገልብጬ ጀርባውን በጣቴ ስዳስሰው እስካሁን ጎርበጥ ይላል።

መስመሯ የተጻፈችው ወጣቱ ዋሕድ ከቤቱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። ታሪኩን ለረሳ ሰው ባጭሩ ላስታውስ። ልብ ወለዱ የሚጀምረው በጦርነት ነው፤ የክርስቲያኑ ወገን ይሸነፋል፣ የጦር አለቃው ይማረካል፣ አንድ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። የጦር አለቃው ልጅ ዋሕድ ያንን ነጋዴ ፍለጋ መንገድ ይጀምራል፤ በመንገዱም ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር እርሱን ፍለጋ ትወጣለች። ከብዙ መከራ በኋላ ታሪኩ ያ ድል አድራጊ ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን በማግባቱ ይፈጸማል።

ይህን መጨረሻ ለረጅም ጊዜ ንቄው ኖሬአለሁ። በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «መፍትሔው ተረታዊ ነው» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌው ነበር። አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ ከዓረፍተ ነገሩ ሥር አስምረው «መፍትሔው የሚጀምረው ሠርጉ ላይ ነው ብለሽ ታምኛለሽ?» ብለው ጻፉበት። ያኔ በጥያቄው ተቆጥቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ትክክለኛው ጥያቄ እርሱ እንደነበር አውቃለሁ። ሠርጉን በእርግጥ ዛሬም ለሰላም አርአያ አድርጌ መቀበል አልችልም፤ ባላንጣው ወደ ታረቀው ቤት የሚገባው ሃይማኖቱን ደጅ ላይ ጥሎ ነው፣ እኛን ካልመሰለ የማይታረቁት ሰው ደግሞ በእውነት ታረቁት አይባልም። ሰላሙ የሚጀምረው ቀደም ብሎ፣ ዋሕድ ለምን መንገድ እንደወጣ ባወቅንበት ሰዓት ነው።

«መመለስ» የሚለው ግስ በቋንቋችን ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን ይሠራል። ወገኑ የተገደለበት ሰው ገዳዩን ሲገድል «ደሙን መለሰ» እንላለን፤ በችግሩ ቀን የደረሰለትን ሰው በተራው ሲረዳ ደግሞ «ውለታውን መለሰ» እንላለን። ግሱ አንድ ነው። በሁለቱም ሰውየው ባለዕዳ ነው፤ በሁለቱም ዕዳው አባት ሳይከፍለው ቢሞት ወደ ልጅ ይወርዳል። ዋሕድ ከአባቱ ሁለቱንም ወርሷል፤ የተሸነፈ፣ የተማረከና የተዋረደ አባት ልጅ ነው፣ በማያውቁት ሰው ገንዘብ ነጻ የወጣ አባት ልጅም ነው። ደም ለመመለስ ሰይፍ አንስቶ ቢወጣ ማንም አንባቢ አይገረምም ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ግን ልጁን ውለታ ሊመልስ ሰደደው። አንድ ሥነ ጽሑፍ የልብ ወለድ ታሪኩን በዚህ ዓይነት መንገደኛ መጀመሩን ሳስብ ልቤ ይሞቃል።

ደራሲው ራሱ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን መቆሙን አውቃለሁ፤ ይህን ሳያነሡ ስለ መጽሐፉ በፍቅር መናገር ሐቀኝነት አይመስለኝም። ነገር ግን የዋሕድ መንገድ የደራሲው ሕይወት አይደለም፣ ከእርሱ ተሽሎ የተገኘ ነገር ነው፤ እኔም የምከላከለው መንገዱን ብቻ ነው።

ኅዳጉ ላይ የጻፈው ሰው ግን አልተዋጠለትም። ለምን እንዳልተዋጠለት ይገባኛል፤ እኔም አንድ ጊዜ ከእርሱ ብሼ ተገኝቻለሁና።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር የማስተርስ ክፍላችን ልጆች የምንጠቀምበት የቴሌግራም ቡድን ነበረን። በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት ሁለት ስንኝ ቀረርቶ ጽፌ ለቀቅሁበት። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና ስንኞቹ ቤት ይመቱ ነበር፤ ቃላቱም የተመረጡ ነበሩ። የእሳትና የጭብጨባ ምስሎች ተደረደሩልኝ። ከእነርሱ መካከል አንድ የክፍል ጓደኛችን ከቡድኑ መውጣቱን የምትናገር ግራጫ መስመር ታየች። ቤተሰቦቹ መቀሌ ነበሩ፤ ስልክ ተቋርጦ ስለነበር በሕይወት መኖራቸውን እንኳ አያውቅም ነበር። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ስንኙን ስጽፍ አላሰብኩትም ማለት እችላለሁ፤ አላወቅሁም ማለት ግን አልችልም።

ከዚያ ወዲህ ፉከራና ቀረርቶን እንደ ጥናት ርእስ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፣ ውበታቸውንም አልክድም። «ዘራፍ» ብሎ የሚነሣው ፎካሪ ራሱን ይጠራል፣ አባቱን ይጠራል፣ የዋለበትን ይቆጥራል። ጠላት በፉከራ ውስጥ አፍ የለውም፤ እናት የለውም፣ ሠፈር የለውም፣ ወዳቂ ብቻ ነው። ሙሾ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ አልቃሿ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፣ ቁመቱን፣ አነጋገሩን፣ ደግነቱን፣ ቤቱ ሲገባ የሚያደርገውን ሁሉ ታነሣለች። ዘማቹን በፉከራ የሸኘ ደጅ ያንኑ ሰው በሙሾ ይቀበላል፤ በሁለቱ መካከል ያለፈው ጊዜ አንዳንዴ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። እኔ በዚያ ምሽት የመረጥኩት አፍ የሌለውን ሰው የሚፈጥረውን ቅርጽ ነበር፤ አፍ ያሳጣሁት ሰው ደግሞ እዚያው ቡድን ውስጥ ሆኖ ያነብበኝ ነበር።

ልብ ወለድ ለሰላም የሚያደርገው ነገር ካለ፣ በእኔ እምነት፣ ለዚያ ሰው አፉን መመለሱ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም ደርግ በኤርትራ ባካሄደው በቀይ ኮከብ ዘመቻ ዙሪያ የጻፈው መንግሥት የፈለገውን ዓይነት የድል ታሪክ አልነበረም። የልብ ወለዱን አስመራዊት ገጸ ባሕርይ ፊያሜታ ጊላይን ያነበበ ሰው አስመራን ከዚያ በኋላ በካርታ ላይ እንዳለ የጦር ግንባር ብቻ ሊያስባት አይችልም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ቤተሰቡ አልቀበረውም። ሙሾ እንኳ ሟች ይፈልጋል፤ እነርሱ ግን ሟቹንም አላገኙም።

ሆኖም «የእኛስ ደም?» ያለውን አንባቢ በውለታ ወሬ ብቻ ዝም ላሰኘው አልፈልግም፤ እንዲህ ማድረግ ከቀረርቶዬ ያልተናነሰ በደል ይሆናል። የኖርዌዩ የሰላም ጥናት ምሁር ዮሃን ጋልቱንግ በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ጥይት የቆመበትን ሰላም አሉታዊ ሰላም፣ ሰውን በድህነትና በመድልዎ የሚገድለው ሥርዓት ጭምር የተወገደበትን አዎንታዊ ሰላም ብሎ ለይቶታል። እኔ ይህን ልዩነት ከእርሱ በፊት የተማርኩት ከሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ አገር መጀመሪያ ላይ ጸጥ ያለ ነው፤ ጸጥታው ግን የገበሬው ጸጥታ ነው፣ ፊታውራሪውም ያንን ጸጥታ ሰላም ብለው ይጠሩታል። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ከልክ ያለፈውን ግብር አንከፍልም ሲሉ ሰላም እንዳደፈረሱ ይቆጠራሉ። ሐዲስ ይህን የጻፉት ጦርነትን በሩቁ ሰምተው አይደለም፤ በወረራው ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ታስረው የተመለሱ ሰው ናቸው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ገብረሕይወት ባይከዳኝም ቀደም ብሎ፣ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ፣ ሰላም በሌለበት አገር የሚደክም ገበሬ ሀብት ሊያጠራቅም እንደማይችል ነግሮን ነበር።

ስለዚህ ደም መልስ ይፈልጋል፤ ጥያቄው የሚመልሰው ማን ነው የሚል ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ግጭትን በዘላቂነት ለማቆም ስምምነት ሲፈረም አለቀስኩ፤ ያን ቀን የቆመው ጥይት የስንት ሰው ነፍስ እንዳተረፈ አስቤ ነው ያለቀስኩት። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጽድቋል። የእርሳሷ ጥያቄ መልስ ማግኘት ያለባት እዚያ ነው፤ በዳኛ ፊት፣ በማስረጃ፣ የተበደለው ሰው ስሙ ተጠርቶና ተሰምቶ። ሕግ ደምን ካልመለሰ ልጆች ይመልሱታል። ይህን የሚሠራው ፖለቲካ ነው፣ ሥነ ጽሑፍ አይችልም። ፖለቲካ ደግሞ የሰው ውለታ ሊመልስልኝ አይችልም፤ እርሱ የእኔ ሥራ ነው።

አባቴ በየጠዋቱ መልክእ፣ ለቅዱሳን የሚቀርበውን የግእዝ ውዳሴ፣ ይደግም ነበር። የመልክእ አብዛኛው አንጓ «ሰላም ለ» ብሎ ይጀምርና ስምን፣ ጠጉርን፣ ዓይንን፣ ጆሮን፣ እጅን፣ እግርን እያለ አንድ በአንድ ሰላም ይላል። በልጅነቴ ያሰለቸኝ ነበር። አሁን ግን እዚያች «ለ» ላይ ቆሜ እቀራለሁ። በስብሰባና በመግለጫ የምንሰማው «ሰላም» ተቀባይ የለውም፤ ይጠበቃል፣ ይሰፍናል፣ ይረጋገጣል፣ ለማን እንደሆነ ግን አይነገርም። በመልክእ ውስጥ ሰላም ሁልጊዜ የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ዓይንና ጆሮ ያለው ነው።

ያ የክፍል ጓደኛዬ በመጀመሪያው ዓመት ታይፎይድ ይዞኝ ሦስት ሳምንት ስተኛ የሁሉንም ትምህርት ማስታወሻ በአንድ ደብተር ገልብጦ አምጥቶልኛል። በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው የጻፈው፤ መምህሩ ያለፉትን ነገር ሁሉ «ይህን ጠይቂ» እያለ በዳር በዳሩ አስፍሮልኛል። በዚያ ደብተር አጥንቼ አለፍኩ። ወንድሙ በጦርነቱ መሞቱን የሰማሁት ስልኩ ከተከፈተ በኋላ ከሌላ ሰው ነው። ለቅሶ አልደረስኩም። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ለማለት ስልኬን ባነሣሁ ቁጥር ያ ስንኝ ትዝ እያለኝ መልሼ አስቀምጠው ነበር፤ እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ዛሬ ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ የመጻሕፍት ካርቶኖቼን ፈትሼ ደብተሩን አገኘሁት። ጠርዙ ተልጧል፣ አረንጓዴው ቀለም ግን እንዳለ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ባዶ ገጾች አሉ። የይቅርታ ደብዳቤ ልጽፍባቸው እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር፤ ከዚያ ግን አሰብኩ፣ ስንኙን በጽሑፍ ለቅቄ ተሸሸግሁ፣ ይቅርታውን ደግሞ በጽሑፍ ልሸሸግበት? ገጾቹን ባዶ ተውኳቸውና ደወልኩ።

«አቤት» አለ። ቁጥሬን አላወቀውም። ስሜን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ደብተርህ እኔ ጋ ነው» አልኩት።

«የትኛው ደብተር?»

«አረንጓዴው። አልመለስኩልህም።»

ከኋላው የሕፃን ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ማግባቱን አላወቅሁም ነበር። «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ እመጣለሁ፣ በሩ ጋ ጠብቂኝ» አለኝ። ስለ ወንድሙም ሆነ ስለ ስንኙ በስልክ ምንም አላልኩም። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው።