ካዝናው ተዘግቶ ምስጢሩ ተከፍቶ

ትናንት ማታ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ይዤ ቤት ገባሁ። የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ከሆንኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለጣሪያው እድሳት ስንት እንዳጸደቅን ማየት። አላገኘሁትም። «በገንዘብ ጉዳይ ላይ በሰፊው ተወያይተን ተስማምተናል» ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት። ስንት? ከየት ወጥቶ? ለማን ተከፍሎ? የለም። ገጹን ስገልጥ ግን የአንዲት እህት ስም ከነአባቷ ሰፍሯል። ከባሏ ጋር በምን እንደተጣላች፣ ለፓስተሩ ምን ብላ እንዳለቀሰች፣ ከቤት የወጣችበት ቀን ሳይቀር አንድ በአንድ ተጽፏል። ይሄም የኔው እጅ ጽሕፈት ነው።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያን ቀን አስታውሳለሁ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ፓስተሩ «ለጸሎት ያህል ነው» ብሎ ጀመረ። ይቺ «ለጸሎት ያህል» የምትባል ነገር ስንቱን ጉድ አሳልፋለች! ሐሜት ብንለው እናፍር ነበር፤ የጸሎት ርዕስ ስንለው ግን ዓይናችንን ጨፍነን አሜን እንላለን። በሳምንቱ የመዘምራን ልጆች ሳይቀሩ ሰምተዋል። ሴትየዋ ሁለት ወር ያህል ጠፋች። ከዛ ተመለሰች። አሁን የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ ጥግ ነው የምትቀመጠው፤ ቡራኬ ሳይሰጥ ብድግ ብላ ትወጣለች። ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ምን እንደሆነች ሁሉም ያውቃላ።

ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን በቃላችን እናውቀዋለን። ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ነው። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ትጨምራለህ። ጉባኤው የሚሰማው ከዛ በኋላ ነው። እኛ ከመጨረሻው ጀመርን። ለዛውም እሷ የበደለችው ሰው የለም፤ የተበደለችው እሷ ናት።

ገንዘቡ ጋ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ሲያደራጅ ለብቻው አልያዘውም። 2ኛ ቆሮንቶስ 8ን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቲቶን ይልካል፣ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡትን ወንድም ይጨምራል፣ ምክንያቱንም በግልጽ ይጽፋል። ማንም እንዳይነቅፈን ነው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ጳውሎስን የሚያህል ሰው «እመኑኝ» ብሎ አላለፈም። እኛ ጋ ግን አንድ ምዕመን ተነስቶ መባው የት ገባ ቢል «የአንተ ድርሻ መስጠት ነው፣ የሰጠኸው ለእግዚአብሔር ነው» ይባላል። ሲሰሙት መንፈሳዊ ይመስላል። ግን እኮ ደረሰኝ የሚቆርጠው እግዚአብሔር አይደለም፣ ገንዘብ ያዡ ነው።

የገንዘቡና የምስጢሩ ነገር ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ነጻ ከመሆኗ ጋርም ይያያዛል። ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። እኔም እስከ ትናንት ለየቅል የሆኑ ጉዳዮች ይመስሉኝ ነበር። ሌሊቱን ሳገላብጠው ግን ባለፈው ዓመት የሆነው ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ባለሥልጣን ቢሮአችን መጥቶ የአባላቱን ስምና ስልክ ጠየቀን። በጣም ትሁት ሰው ነበር። ሰብሳቢያችን «እንተባበር እንጂ፣ ምን አለበት» አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ያልኩት ደግሞ አምኜበት ሳይሆን፣ ሁለት ዓመት ኦዲት ያልተደረገው ሒሳባችን ጭንቅላቴ ውስጥ ስለመጣ ነው፤ ይሄን ሰው ብናስቀይመው ወደዛ ቢዞርብንስ ብዬ። ከሁላችንም የሚበልጡት አዛውንት ብቻ ናቸው መልስ የሰጡት። «ሰዎቹ ስማቸውን የሰጡት ለኛ ነው። የምትፈልገው ካለ ራሱን ጠይቀው፣ ልጄ» አሉት። ባለሥልጣኑ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እሳቸው ሒሳቡ ውስጥ እጃቸው ስለሌለበት ነው እንደዛ መናገር የቻሉት፤ ጀግና ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም።

ታሪኩም ይሄንኑ ያሳያል። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1721 የፓትርያርክነትን ሹመት አስቀርቶ ቤተ ክርስቲያኒቱን እሱ በሚሾመው ሲኖዶስ ሥር አደረጋት። በዓመቱ፣ በ1722፣ በንጉሡ ላይ ክፉ ማሰቡን ለንስሐ የተናገረና ሐሳቡን ያልተወ ሰው ካለ ካህናቱ ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ታዘዙ። መጀመሪያ ወንበሩ ተወሰደ፣ ቀጥሎ ኑዛዜው። ምሥራቅ ጀርመን ውስጥም የስለላው መሥሪያ ቤት ሽታዚ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጆሮ ጠቢዎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1992 ሰዉ የራሱን ፋይል እንዲያይ ሲፈቀድለት፣ ሲሰልሉት ከነበሩት መካከል አብረውት የጸለዩ ሰዎችን ያገኘ አለ፤ ፓስተሮችም ነበሩባቸው። ነገሩን የሚያከብደው እነዚያው አብያተ ክርስቲያናት ለብዙ ተቃዋሚ መጠለያ መሆናቸው ነው። እኛ ቤት ግን ሰላይ ምን ያደርጋል? የጸሎት ቡድኑ ውስጥ ይግባ፣ ይበቃዋል።

ካቶሊክ አይደለሁም። ግን እ.ኤ.አ. በ1215 ሮም ውስጥ የተደረገው የካቶሊኮች የላተራን ጉባኤ የደነገገውን ሳነብ ቀናሁ። ኑዛዜ ያወጣ ቄስ ከክህነቱ ይሻራል፣ ዕድሜውን ሙሉ ንስሐ እንዲገባ ጥብቅ ገዳም ይላካል። እኛ ጋ ምስጢር ያወጣ ሰው ቅጣቱ ምንድነው ብዬ መተዳደሪያ ደንባችንን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። ስለ ማኅተምና ስለ ፊርማ ሁለት ገጽ አለው። ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር የለውም።

አንድ ነገር ግን ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። ምስጢር ስል ወንጀል መሸፈን ማለቴ አይደለም። ልጅ ተደፍሮ «የቤታችን ጉዳይ ነው» እየተባለ የታፈነባቸው አብያተ ክርስቲያናት በየአገሩ አሉ፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው። ምስጢር የሚጠበቀው ልቡን ለከፈተው ሰው ተብሎ ነው፣ ለአገልጋዩ ስም ተብሎ አይደለም። እንደዛ ዓይነት ነገር ሲመጣ ፖሊስ መጥራት ነጻነትን መሸጥ አይደለም፤ ሕግ ለኛም ሕግ ነው።

ማክሰኞ ስብሰባ አለን። ዛሬ ጠዋት ሁለት አጀንዳ አስያዝኩ። አንደኛው፣ የዓመቱ ሒሳብ ከውጭ በመጣ ኦዲተር ታይቶ ለምዕመኑ በሙሉ ይነበብ። ሁለተኛው፣ ከመዝገቡ የሚወጣ ገጽ አለ። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ሰምቶ ትንሽ አንገራገረና ተወው። ስለ ሁለተኛው ግን «የትኛው ገጽ?» ብሎ ደወለልኝ። በስልክ አይሆንም፣ በአካል እነግርሃለሁ አልኩት። «ለኔ እንኳን?» አለ።

ለሷ መጀመሪያ መንገር እንዳለብኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሁድ ቡራኬው ሳይደርስ በሩ ጋ እቆማለሁ።