እንድታለቅስ ጸለይኩ

ጌታ ያደረገውን ልመስክር። ነርስ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ቦረና ነበርኩ። ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀርቶ፣ ከብቱ በየሜዳው አልቆ፣ ብዙ ሰው ዱብሉቅ መጠለያ የገባበት ጊዜ ነው። የቦረና ልጅ የሚያድገው በወተት ነው። ላሚቱ ስትሞት የልጁ ምሳና እራትም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ምሽት አንዲት እናት የ14 ወር ልጇን ታቅፋ መጣች። ልጅቷ 5 ኪሎ ነበረች። ክንዷን ለካሁት፤ 9.8 ሴንቲ ሜትር። በመለኪያው ላይ ከ11.5 በታች ቀይ ነው፣ ከባድ ጉዳት ማለት ነው። ፕላምፒነት የሚባለውን፣ ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠውን የኦቾሎኒ ቅቤ መሳይ ምግብ፣ በጣቴ ከንፈሯ ላይ ባደርግላት አልላሰችም። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ዝምታዋ ነው። መርፌ ስወጋት እንኳ አላለቀሰችም።

እንዲህ የተጎዳን ልጅ «ርቦታል» ብለህ ባንዴ ብታጎርሰው ልቡ አይችለውም። ስለዚህ ኤፍ 75 የሚባለውን ወተት በአፍንጫዋ ባስገባነው ቱቦ፣ በየሁለት ሰዓቱ 55 ሚሊ ሊትር ብቻ እንሰጣት ጀመር። ገላዋ በረዶ ስለነበር እናቷ ደረት ላይ ራቁቷን አስተኝተን በብርድ ልብስ ሸፈንናቸው። ከዚያ ወዲያ በእጄ የቀረ ነገር አልነበረም።

እናትየዋ «ያ ዋቅ፣ ያ ዋቅ» ትላለች። ኦሮምኛዬ ያን ያህል አይደለም፤ ይህችን ግን ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባችኝ፤ «አምላክ ሆይ» ማለቷ ነው። አጠገቧ ተንበረከክሁና «ጌታ ሆይ፣ እባክህ አስለቅሳት» አልኩ። ልጅ ዝም እንዲል ሳባብል ዓመታት የኖርኩ ሰው፣ ለቅሶ ስለምን አደርኩ።

ሊነጋጋ ሲል ወተቱ ትንሽ ዘገየ። ያኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ የድመት ግልገል የመሰለ። እናትየዋ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ልጅቷ ርቧት ነው የምታለቅሰው! ርሃብ ተሰማት! ጌታዬ ተመስገን፤ ሲሪንጁን ይዤ እኔም አብሬ አነባሁ።

አልደብቅም፤ በዚያው ሳምንት ጎን አልጋ ላይ የነበረው ወንድ ልጅ አርፏል። ለእሱም በዚያው ጉልበቴ ተንበርክኬ ነበር። ስለ እሱ ጌታን ዛሬም እጠይቀዋለሁ።

እሷ ግን በ12ኛው ቀን ፕላምፒነቱን ከእጄ ነጥቃ ፓኬቱን መንከስ ጀመረች። መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጥል ለክትትል አመጧት። ክንዷ ከቀዩ ወጥቶ ቢጫው ላይ ደርሷል። መለኪያውን ሳወጣ ገና አየችኝና፣ ድንኳኑን በጩኸት አናውጣ እናቷ ጉያ ገባች።