«አትሳብ!» ቼሳፒክ ላይ በሰመር አሳ ማጥመድ እንዴት እየሄደልኝ ነው

ሰላም ወገን፣ ትናንት ሮክፊሽ (ስትራይፕድ ባስ የሚሉትን አሳ) ያዝኩ፣ 22 ኢንች፣ መንጠቆው ደግሞ ልክ የአፉ ጥግ ላይ ነው የገባው። አሳው ብቻ ቢሆን ፎቶ ለጥፌ ዝም እል ነበር፣ የመንጠቆው ነገር ነው ያስጻፈኝ።

ለማታውቁት፣ ቼሳፒክ ቤይ የባሕር ወሽመጥ ነው፣ እኛ የምናጠምደው ሜሪላንድ በኩል ነው፣ ከዲሲ አንድ ሰዓት ገደማ ነድተን ስድስት ሰው የሚጭን ቻርተር ጀልባ ተጋርተን እንከራያለን። ተሳፋሪ ከሆንክ የራስህ ላይሰንስ አያስፈልግህም፣ የጀልባው ይሸፍንሃል። ዘንጉም ሪሉም (የክር መጠቅለያው) ከነሱ ነው። ድራማሚን ከመሳፈርህ በፊት ዋጥ፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረህ በኋላ ዋጋ የለውም። ለሜቱ (ለካፒቴኑ ረዳት) ቲፕ አትሰስቱ፣ እባካችሁ።

አሁን ወደ ጉዴ። ሰርክል ሁክ የሚባለው መንጠቆ ስንት ጊዜ እንዳናደደኝ! በባይት (መንጠቆ ላይ በሚሰካ ምግብ) ሮክፊሽ የምታጠምድ ከሆነ ሕጉ ግዴታ ነው ይልሃል። ጫፉ ወደ ራሱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ መጀመሪያ ስታየው ይሄ ደግሞ ምን ሊይዝ ነው ትላለህ። እኔ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ሳጠምድ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ነካ ሲያደርግህ ቀጭ አድርገህ ሳብ ነው የተባልነው፣ እጄ ሌላ አያውቅም።

እዚህ ስፖት የምትባል መዳፍ የምታህል አሳ ከነነፍሷ ጀርባዋ ላይ ትሰካና ትለቃታለህ፣ ሪሉ ክፍት ነው፣ ክሩ ሲሳብ የሚጮኸው ክሊከር በርቷል። ሮክፊሹ ሲነጥቃት «ትርርርር» ይላል፣ አንተ ደንግጠህ ትስባለህ፣ ሜቱ ከኋላ «አትሳብ!» ብሎ ይጮሃል፣ ስፖቷ ቅርፊቷ ተፍቆ ብቻዋን ትመለሳለች። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ አሳው ባይቱን ጎርሶ ዞሮ ይሄዳል፣ ክሩ ቀስ ብሎ ሲወጠር መንጠቆው ጉሮሮውን ሳይወጋ ተንሸራቶ ይመጣና አፉ ጥግ ላይ ሲደርስ ዞሮ ይነክሳል። ከሳብከው ግን ባዶውን ይወጣል። ታዲያ ይሄን ማወቅና እጅን ማስቆም ለየቅል ናቸው።

እኔን ያዳነኝ ዘንጉን ከሆልደሩ አለማንሳት ነው። ሲጮህ ትንሽ እንዲሄድ እተወዋለሁ፣ ክሩን የሚይዘውን የሪሉን ሊቨር እመልሳለሁ፣ እጄን እሰበስባለሁ፣ ዘንጉ በራሱ ጎብጦ ሲቆይ ብቻ አንስቼ እጠቀልላለሁ። ሌላው፣ ጫፉ ለስለስ ያለ ዘንግ ምረጡ። ዩቲዩብ ላይ እንደ ብረት የደረቀ ዘንግ የሚያስመርጧችሁን አትስሙ፣ ለዚህ መንጠቆ ጠላት ነው።

ይሄን ሁሉ የማካብደው ለሙቀቱ ስል ነው። ሐምሌ ላይ ውሃው ከ80 ፋራናይት ያልፋል፣ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ታች ያለው ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ደግሞ አልጌው በስብሶ ኦክስጅኑን ጨርሶታል። ሮክፊሹ ከላይ ሙቀት ከታች የኦክስጅን እጦት ሆኖበት መሃል ላይ ይጨናነቃል። እንዲህ የደከመ አሳ መንጠቆ ውጦ ብትለቀው ይሞታል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ቤዩ ላይ ለአንድ ሰው በቀን ይዞ መሄድ የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከ19 እስከ 24 ኢንች፣ ስለዚህ አብዛኛውን መልቀቅህ አይቀርም። የአሳ ሀብት ሰዎቹ ሲያሰሉ ከሚለቀቀው 9 በመቶው ይሞታል ብለው ነው የሚይዙት፣ በሙቀት ጊዜ ይብሳል። ስቴቱ በሰመር የየቀኑን ሁኔታ በቀለም ያወጣል፣ ቢጫ ከሆነ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት (በኛ አቆጣጠር) ጨርስ ነው፣ ቀይ ከሆነ ሮክፊሽን ተወው። ቀይ ቀን ላይ ይዞ፣ አምስት ሰልፊ ተነስቶ «ለቀቅኩት» የሚለው ሰው እኔ ዘንድ ከገደለው እኩል ነው። የገደለው ቢያንስ ይበላዋል።

በሞቃት ቀን ስፓኒሽ ማከሬል አለላችሁ፣ ውሃው ሲሞቅ ከደቡብ ወደ ቤዩ የሚገባ አሳ ነው። ትንሽ የብረት ስፑን (ማንኪያ መሰል ማጥመጃ) ከጀልባው ኋላ እየጎተቱ ፈጠን ብሎ መንዳት ነው፣ ራሱ መጥቶ ይሰካል፣ የእጅ ጸባይ አይጠይቅም። ጥርሱ ምላጭ ስለሆነ ጣታችሁን አደራ፣ ቶሎ ስለሚበላሽም ወዲያው በረዶ ውስጥ። ዘይት አለው፣ በዳጣ ጠበስ ሲደረግ ቆንጆ ነው። ችግሩ በደንብ የሚገኘው ነሐሴ አካባቢ መሆኑ ነው፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ፣ እኔ አልበላም፣ ያን ሁለት ሳምንት የምይዘውን ጎረቤቶቼ ናቸው የሚበሉት።