አክተር አይሞትም

ዛሬ ከእንቅልፌ ስነሳ ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ሰማዩም እንደኔው ነበር፤ ሊዘንብ ነው ስትሉት ይተወዋል፣ ተወው ስትሉት ያካፋል። ቤት መቀመጥ አቃተኝና ከሰዓት በኋላ ወደ አራት ኪሎ ወጣሁ። አንዲት ካፌ ገባሁ። ጥግ ያዝኩ፤ ማኪያቶ አዘዝኩ፤ ደብተሬን አወጣሁ። ስለ ሥራው ጉዳይ ልጽፍ ነበር። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ የሚለውን፣ ገጹን ለሁለት ከፍዬ።

ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

አጠገቤ ሦስት ልጆች ተቀምጠዋል። ከቦርሳቸው የካምፓስ ተማሪዎች ይመስላሉ። ሦስት ሆነው ሁለት ሻይ ይዘዋል። ክርክራቸው ግን የጦፈ ነው። መጀመሪያ ፖለቲካ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ አንዱ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ "አንድሩ እኮ ዕድል አልተሰጠውም!" ሲል ኳስ መሰለኝ። የየትኛው ክለብ ተጫዋች ይሆን አልኩ። ለካስ ስለ ስፓይደርማን ነው። ፊልሞቹ ላይ ስፓይደርማንን ሆነው ከሠሩት ከቶቢ ማጓየር፣ ከአንድሩ ጋርፊልድና ከቶም ሆላንድ የትኛው ይበልጣል ነው ጉዳዩ።

መነጽር ያደረገው ልጅ የቶም ነው። መከራከሪያው ዕድሜ ነው። ፒተር ፓርከር፣ ማለትም ስፓይደርማን ጭምብሉን ሲያወልቅ፣ የሃይስኩል ልጅ ነው፤ ቶም እ.ኤ.አ. በ2016 ብቅ ሲል 19 ዓመቱ ነበር። ቶቢ በ2002 ሲጀምር 26 ሞልቶታል። አንድሩ በ2012 ደግሞ 28። "28 ዓመት የሞላው የሃይስኩል ተማሪ! ስንቴ ቢወድቅ ነው?" አለ። ሳቄን በማኪያቶው ሸፈንኩት።

የቶቢው ደጋፊ ስለ ዕድሜ መስማት አይፈልግም። የሱ ነገር ድሩ ነው። የቶቢ ድር ከገዛ አንጓው ነው የሚወጣው፣ ከሥጋው። ሌሎቹ ግን እጃቸው ላይ የሚያስሩት መሣሪያ ሠርተው ነው። መነጽሩ ቶሎ ብሎ፣ ኮሚኩ (የሥዕል መጽሐፉ) ላይ እኮ ከ1962 ጀምሮ በመሣሪያ ነው፣ ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ እንደዚያ ነው የፈጠሩት አለው። "እሱ አያገባኝም! ሸረሪት መሣሪያ ትይዛለች?" ብሎ መለሰ። ይሄን መልስ ወደድኩለት።

አንድሩን የያዘው ሦስተኛው ልጅ ብዙም አይናገርም። እንደ አንድሩ ማለት ነው፤ የራሱን ሁለት ፊልም ብቻ ሠርቶ እንደቀረው። ሌሎቹ ሲደክሙ ጠብቆ ስለ አንድሩ ፍቅረኛ፣ ስለ ግዌን አወራ። በ2014ቱ ፊልም ላይ ልጅቷ ከሰዓት ማማው ስትወድቅ ድሩ ይደርስላታል። ግን ዘግይቶ ነው፤ ትሞታለች። ከዚያ በ2021፣ ሦስቱም አንድ ላይ በመጡበት ፊልም፣ የቶም ፍቅረኛ ስትወድቅ አንድሩ ተወርውሮ ይይዛታል። "ፊቱን አይታችኋል? ደህና ነሽ ወይ ሲላት? እሷን አይደለም እኮ የጠየቀው።" ሁለቱም ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ለነገሩ ማንም አልጠየቀኝም።

መግባት ግን በጣም ፈልጌ ነበር። የሁለተኛውን የቶቢን ፊልም፣ የ2004ቱን፣ ባቡሩን የሚያቆምበትን ልነግራቸው ፈለግኩ። ጭምብሉ ወልቆ፣ ራሱን ስቶ፣ ሰዎቹ በእጃቸው ተቀባብለው ወደ ውስጥ ሲያስገቡት። አንዱ አይቶት፣ ገና ልጅ ነው እኮ ይላል። ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። እንዲህ ብዬ አፌን ልከፍት ስል መነጽሩ ወደኔ ዞረ። ልቤ ዘለለ። በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ወንበር ሰው አላት?" አለኝ።

ጋሼ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ወንበሯን ሰጠሁት።

እዚያ ላይ ነው ሐሳቤ የሸሸው። ልጆቹ "ምርጡ አክተር" ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ አክተር ማለት ሆኖ የሚሠራው ሰው ነው። እኛ ሰፈር ግን አክተር ማለት እንደዚያ አልነበረም። አክተር ማለት ዋናው ልጅ ነው። የሚያሸንፈው። "አክተሩ መጣ!" "አክተሩን ከኋላ ሊመታው ነው!" እንል ነበር። ከፊቱ ጀርባ ደመወዝ የሚከፈለው ሌላ ሰው እንዳለ ያሰበ ልጅ አላውቅም። ሕጉም አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም። የፈለገ ጥይት ይዝነብ፣ ከፎቅ ይውደቅ፣ አክተር አይሞትም። ስለዚህ ሌላ ፊት ያለው ስፓይደርማን በመጣ ጊዜ ትልቅ ልጅ ሆኜም ተናድጃለሁ። የሰው ቤት ገብቶ የሰው ፒጃማ የለበሰ ነው የመሰለኝ።

በነገራችን ላይ ይሄ ሕግ ከእኛ መጻሕፍት የመጣ አይደለም። የእኛ ደራሲዎች አክተር ይገድላሉ። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ተመልከቱ፤ በዛብህ ይሞታል፣ ሰብለ ትሞታለች፣ ጉዱ ካሣ ይሞታል። ማን ቀረ? እማዬ እሱን መጽሐፍ አንብባው አታውቅም። በሬዲዮ ነው የሰማችው፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። ዛሬም በዛብህ ሲባል የምትሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲባልም የወጋየሁን ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ቢሠራው ይበልጣል ወይ ብትሏት ጥያቄው አይገባትም። የሚበልጥ የሚያንስ የለም፤ ሰውየው እሱ ነው፣ አለቀ።

የኔም ስፓይደርማን እንደዚያ ነው። ቶቢ አይደለም። ታላቄ ነው።

ያኔ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበርን። ከቤታችን ትንሽ ወረድ ብሎ ቪዲዮ ቤት ነበረ። በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ ደጁ ላይ የፊልሙ ስም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ። በእኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ክረምት ስፓይደርማን እዚያ ደረሰ። የነበረን አንድ ብር ነው፤ አንድ ብር ደግሞ አንድ ሰው ነው የሚያስገባው። ታላቄ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። እሱ ገብቶ አይቶ ለእኔ ሊተርክልኝ ተስማማን። አዋጭ ስምምነት ነበር። ማታ መብራት ጠፍቶ (ሁሌ ይጠፋ ነበር) አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን ጀመረልኝ።

ፊልሙን አንድ ማታ አልጨረሰውም። አራት ማታ ፈጀ። ኒውዮርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ስፓይደርማን የተወረወረው ከመዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ላይ ነው። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር። "ሕንፃ ሲያልቅበትስ?" ብዬ ጠየቅኩት። ያኔ ፒያሳ ላይ ረጅም ፎቅ ብሎ ነገር የት ነበርና። ትንሽ አሰበና "ውይይት ታክሲ ላይ ይንጠለጠላል" አለኝ። አሳማኝ ነበር። (ዛሬ ቢሆን የንግድ ባንኩ ሕንፃ አለለት፤ ከ200 ሜትር በላይ ነው፤ በውይይት አይለማመጥም ነበር።) ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ነፍስ ዘርቶ ሰው ሊበላ ሲል ስፓይደርማን በድር ጠፍሮ አሰረው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ስለዚህ ፊልም የተተረተ ነው ብዬ ለዓመታት አምኛለሁ። ዝናብ ውስጥ ተዘቅዝቆ ከልጅቷ ጋር የሚገናኝበትንም ነግሮኛል። "ተዘቅዝቆ ሰላም አላት" ነው ያለኝ። ሰላም ብቻ።

ከዚያ አጎትየው አለ። ታውቁታላችሁ፤ ፒተር አንድ ሌባ ሲያመልጥ እያየ ዝም ይላል፤ ያው ሌባ አጎቱን ይተኩስበታል። ታላቄ እዚህ ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። አጎትየው ሆስፒታል ገባ። ግሉኮስ ተሰቀለለት። አክስትየው ማታ ማታ አጠገቡ ትተኛለች። ስፓይደርማን ቀን ቀን ሌባ ይይዛል፣ ማታ በመስኮት ገብቶ አጎቱን ያያል። አጎትየው በሦስተኛው ሳምንት ሾርባ ጠየቀ። ከዚያ ተሻለው። ተሽሎት በእግሩ ወደ ቤት ሄደ።

ያን ሰሞን እማዬ ማታ ማታ ቤት አታድርም ነበር። አባባ ጋ ነበረች። ሆስፒታል።

አባባ የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ አላየም።

ፊልሙን ራሴ ያየሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው፣ ጓደኛዬ ቤት፣ በዲቪዲ። አንበሳውን ጠበቅኩ፤ የለም። ውይይት የለም። ይሁን። አጎትየው ግን አስፋልት ላይ ተኝቶ፣ የልጁን እጅ እንደያዘ፣ ወዲያው ሞተ። ሆስፒታል አልገባም። ሾርባ አልጠየቀም። "ይሄ ሲዲ ተቆርጧል" አልኩ። ጓደኛዬ አልተቆረጠም አለ። ተቆርጧል ብዬ ተከራከርኩ። ልንደባደብ ምንም አልቀረንም። ቤት ስደርስ ታላቄን ልጠይቀው ነበር። እሱ ለፈተና እያጠና ነበር። አልጠየቅኩትም። ነገ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ይኸው።

ቪዲዮ ቤቱም ቤታችንም ዛሬ የሉም፤ ዶሮ ማነቂያ በእኛው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ቪዲዮ ቤቱ የትኛው ጋ እንደነበር በእርምጃ ልለካ ሞክሬ ነበር። አበባና የእግር መንገድ ነው። ያምራል፤ ምን ይደረግ።

ልጆቹ መቼ ተነሥተው እንደሄዱ አላየሁም። ማን እንዳሸነፈ አላውቅም። ማኪያቶው ቀዝቅዟል። ቤት ገባሁ፣ እራት በላሁ፣ ተኛሁ፣ አልተኛሁም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬን አንሥቼ ለታላቄ ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ። እሱ ያለበት ገና ምሽት ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ "ከቶቢ፣ ከአንድሩና ከቶም የትኛው ስፓይደርማን ይበልጣል?"

ወዲያው መለሰ። "ምን ተፈጠረ? እማዬ ደህና ናት?"

ለካ ለሰው አገር ሰው በዚህ ሰዓት አይጻፍም። ደነገጥኩለት። "ደህና ናት፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ ስለ ስፓይደርማን ነው" አልኩት። እንባው እስኪመጣ የሚስቀውን ምስል ላከ። ከዚያ፣ "ሦስት ሆኑ እንዴ?"

አልሰማም ማለት ነው። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ምን ጊዜ አለው። ማስረዳት ጀመርኩ። የካፌውን ክርክር እንዳለ ገለበጥኩለት፤ ዕድሜውን፣ ድሩን፣ የምትወድቀዋን ልጅ። አጎትየውን ዘለልኩት። አስቤ አይደለም፤ ወይም አስቤ ይሆናል።

እየጻፈ መሆኑ ታየ። ጠፋ። እንደገና እየጻፈ ነው። ጠፋ። ተኛ እንዳልል እዚያ የመኝታ ሰዓት አልደረሰም። ከዚያ አንዲት መስመር መጣች።

"አጎትየው ሦስቱም ላይ ይሞታል?"

መልሱ ቀላል ነበር። ሁለቱ ላይ ሲሞት ይታያል፣ የቶቢና የአንድሩ ላይ። የቶም ላይ ከመጀመሪያውም የለም፤ የምትሞተው አክስትየዋ ናት። ይሄን ጻፍኩ። አጠፋሁት። "ሁለቱ ላይ ብቻ" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። "አንተ ነህ የነገርከኝ፣ ተሽሎታል" ብዬ ጻፍኩና ጣቴ መላኪያው ላይ እንዳለ ቆየሁ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለኝ፣ ልልቀቀው ወይ እያልኩ ያለሁት ሥራ ላይ። ደብተሩ ላይ ለሁለት የተከፈለ ባዶ ገጽ አለ። ጋሼ ግን አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ለስፓይደርማን አጎት መልስ እያረቀቀ ነው።